ለወጥ ቤት ካርድ የሄድኩ ቀን

ይህን ለመናገር ብዙ ጊዜ ጀምሬ ብዙ ጊዜ ትቼዋለሁ። ያጠፋ ሰው ጥፋቱን አምኖ አፉ በሉኝ ይላል። እኔ ግን የማወራው ሳላውቀው ተሸክሜው ስለዞርኩት ነገር ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ምን ተብሎ አፉ እንደሚባል እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብቻ የምትጠቀምበት አንዲት እህት አትጠፋም ብዬ ልሞክረው።

ዘይነባ እባላለሁ፤ ዐረቦች ሲጠሩኝ ዘይነብ ይላሉ። የወሎ፣ የሐርቡ ልጅ ነኝ። ጂዳ የመጣሁት በቤት ሠራተኝነት ነው። አላህ ከደህና ሰዎች ላይ ጣለኝ። ማዳም ምግብ አዋቂ ስለነበረች ሩዙንም፣ ሥጋውንም፣ የረመዳኑን ሾርባም አጠገቧ አቁማ አስተማረችኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ እንግዳ ሲመጣ እሷ ሳሎን ትቀመጣለች፣ ወጥ ቤቱ የኔ ነው። የጂዳ ሐበሻም ሰማ። ኒካሕ ሲኖር፣ አቂቃ ሲኖር፣ «ዘይነባን ጥሯት፣ እጇ ይጣፍጣል» ይባላል። ውሸት ለምን እላለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ ብቻ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በዚህ ዓለም አለኝ የምለው ነገር እጄ ነበር።

የማዳም ወንድም መካ፣ መንሱር ሰፈር፣ ለሑጃጅ፣ ለሐጅ ተጓዦች፣ ምግብ የሚያዘጋጅ ትልቅ ወጥ ቤት ሊከፍት ሲነሳ «ዘይነባን ስጪኝ» አላት። ማዳምም እያዘነች ለቀቀችኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ወደሱ ዞረ። የቀረኝ ምግብ የሚነካ ሰው ሁሉ የሚያወጣው የጤና ካርድ ነው፤ ሥልጠና ይወሰዳል፣ ምርመራ ይሰጣል፣ ከዚያ ካርዱ ይመጣል። ወጥ ቤቱ እስኪከፈት ድረስ ካራንቲና በሚባል የጂዳ ሰፈር፣ ከድጃ ዘንድ አረፍኩ።

ከድጃ የአክስቴ ልጅ ናት። በየመን በኩል የመጣች ስለሆነች ኢቃማ የላትም። ሰው ቤት በቀን እየዞረች ታጸዳለች፤ መንገድ ላይ የፖሊስ መኪና ባየች ቁጥር ሹመይሲ እስር ቤት ትዝ ይላታል። የምትኖረው ከሁለት ሴቶች ጋር ነው። አንደኛዋ እቴ ሉባባ፣ የቤቱ ታላቅ፣ ቁርኣን የቀሩ፣ ሁላችንም አንቱ የምንላቸው ሴት ናቸው። ሌላዋ ፋጡማ፣ ከከሚሴ የመጣች ፈጣን ልጅ ናት። ቤቱ አንድ ክፍልና ኮሪደር ላይ የተቀመጠች የጋዝ ምድጃ ነው። ሽንት ቤቱ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ውኃ በቧንቧ አይመጣም። ዋይት የሚሉት የውኃ መኪና ሲመጣ በርሜሉ ይሞላል፤ ሲዘገይ ደግሞ ውኃው በኩባያ እየተለካ ነው።

እነሱ በጠዋት ለሥራ ሲወጡ እኔ እቀራለሁ። ቁጭ ብሎ እንግድነት ስለማልወድ ምግቡን ያዝኩ። ደክመው ሲመለሱ ወጡ ተሠርቶ፣ ሩዙ ተከድኖ ይጠብቃቸዋል። እቴ ሉባባ ገና አንድ ጉርሻ ሲውጡ ዱዓ ይጀምራሉ። «አንቺን የሰጠን አላህ ይመስገን። እጅሽን አላህ ይባርከው» ይሉኛል።

በመጀመሪያ የታመመችው ፋጡማ ናት። ራሷን ያማታል፣ ይበርዳታል፣ ሆዷ ይታወካል። ሙቀቱ ነው አልን። ተኛች፣ በራሷ ጊዜ ተነሳች፣ ተረሳ። ቆይቶ ከድጃ ጀመራት። የሷ ግን አልለቅ አለ። ጠዋት ሻል ይላታል፤ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ትኩሳቱ ይነሳና ዓይኗ ደም ይለብሳል። እቴ ሉባባ «ይሄ የሰው ዓይን ነው» ብለው ይቀሩባታል፣ ዘምዘም ያጠጧታል። እኔ ሾርባ እሠራላታለሁ። ሐኪም ቤት የሚለውን ቃል ማንም አያነሳም። ኢቃማ ሲጠይቋት ምን ልትል ነው?

ሥልጠናው የነበረው በዚሁ ሰሞን ነው።

የክሊኒኩ አዳራሽ በሴት ተሞልቷል፤ ፊሊፒኖ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ኬንያ፣ የኛም ልጆች። አሠልጣኟ ዶክቶራ ሐናን የምትባል ሱዳናዊት ሐኪም ነበረች። ረጋ ባለ፣ ለሁላችንም በሚገባ ዐረብኛ ታስተምራለች። ጥሬ ሥጋ ከሰላጣ ጋር በአንድ መክተፊያ አይከተፍም፤ የበሰለ ሩዝ ከእሳት ወርዶ ሲውል መርዝ ይሆናል፤ እንዲህ እንዲህ እያለች። ግማሹን ማዳም አስተምራኛለች ብዬ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

«እጁን አሳምሮ የሚታጠብ ማነው?» አለች።

ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ወደ ፊት ጠራችኝና የሆነ ነጭ ዱቄት በእጄ ላይ ነሰነሰችብኝ። «አዳርሰሽ እሺው፤ ከዚያ እንደ ሁልጊዜሽ ታጠቢ» አለችኝ። በሳሙና ታጠብኩ። እንደውም ሰው ስላየኝ ከሁልጊዜው አብልጬ አሸሁት። ከዚያ መጋረጃው ተዘጋ፣ ሰማያዊ መብራት አበራችብኝ። የጥፍሮቼ ዙሪያ፣ የጣቶቼ መሀል፣ የቀለበቴ ሥር፣ ሁሉም እንደ ኮከብ ቦግ አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። የኛዎቹ ልጆች በአማርኛ «ባለሙያዋ!» ሲሉ ሰማሁ። ወደ ቦታዬ ስመለስ እጄን ከዐባያዬ ውስጥ ደብቄ ነው።

ዶክቶራ አልሳቀችም። «እሷን አትሳቁባት፤ ሁላችሁም እንዲህ ናችሁ። ይሄ ዱቄት ስለሆነ መብራት አሳየን። እውነተኛውን ጀርም ግን መብራት አያሳየንም፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ሳይታመም በሽታ ይሸከማል» አለች። ነገሩን ሰማሁት። ግን በሳቁ ተናድጄ ስለነበር እንደ ማጽናኛ ቆጠርኩት።

ከዚያ ደምና ሰገራ ሰጠን። የሰገራውን ዕቃ በላስቲክ ጠቅልዬ ለነርሷ ስሰጥ ቀና ብዬ አላየኋትም። ከዚህ የባሰ ውርደት የለም ብዬ ነበር።

ካርዱን የምቀበልበት ቀን የአዲሱ አለቃዬ መንዱብ በመኪና መጥቶ ወደ ክሊኒኩ ወሰደኝ። መንዱብ ማለት የድርጅቱን የወረቀት ጉዳይ የሚያስጨርስ ሰው ነው። የኛው አቡ ረያን ይባላል፤ ተጫዋች፣ ችኩል፣ ነገር ሁሉ የሚቀለው ሰው። «ካርድሽን ይዘሽ ውጪ፣ ከዚህ ቀጥታ መካ» ብሎ መኪና ውስጥ ቀረ።

መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ስሜን አይቶ «ያንቺ አልወጣም፤ ዶክቶራ ትፈልግሻለች» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች ዞረው አዩኝ። ምንም አልነበረም፤ ግን ከዚያ መስኮት እስከ ዶክቶራ በር ያለው መንገድ ረዘመብኝ።

ዶክቶራ ሐናን በሩን ዘጋችና ወንበር ሰጠችኝ።

«ዘይነብ፣ ታይፎይድ ታመሽ ታውቂያለሽ?»

«ልጅ ሆኜ፣ አገሬ። ድኛለሁ እኮ።»

«አንቺ ድነሻል። ጀርሙ ግን አልወጣም። ሐሞትሽ ውስጥ ተቀምጧል። አንቺን አያምምሽም፤ ከሰገራሽ ጋር ይወጣል፣ እጅሽ ላይ ይቀራል፣ ከእጅሽ ምግብ ላይ ያርፋል።»

«እኔ ግን ጤነኛ ነኝ፤ እዪኝ እስቲ» አልኳት። ክንዴን ሁሉ ዘርግቼ አሳየኋት። ይኸው እጄ፣ የጂዳ ሐበሻ የሚያወራለት እጄ፣ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ የት እንደማስቀምጠው አጣሁ።

«ጥፋትሽ አይደለም፣ አታልቅሺ» አለችኝ። ለካ እያለቀስኩ ነው። «መድኃኒት አለው። ለጥቂት ሳምንታት ትወስጃለሽ፣ ደጋግመን እንመረምርሻለን፣ ስትነጪ ካርዱን እሰጥሻለሁ። እስከዚያ ለማንም ምግብ አትሠሪም። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አብሮሽ ከሚኖር ሰው ትኩሳት የያዘው አለ?»

ከድጃ ፍራሹ ላይ ተኝታ ታየችኝ። ፋጡማ ታየችኝ። «አለ» ብል የሚከተለው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝ፤ የት ነው፣ ማናት፣ ኢቃማዋ የታለ።

«ላ» አልኳት። «ማንም የለም።»

ብዕሯን አነሳች። ስልክ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። «ቢሆንም ያዢው።»

መኪና ውስጥ ስገባ አቡ ረያን ካርዱን ጠየቀኝ፤ ስነግረው ሳቀ።

«ይሄ ነው ያስለቀሰሽ? ዘይነብ፣ ቤትሽ ጤነኛ ሴት የለችም እንዴ? የሷን ሰገራ በዕቃ ይዘሽ ነይ። ሌላ ቦታ ወስጄ በስምሽ አሰጣለሁ። ኸላስ፣ ያልቃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ካርድ ይወጣል። መድኃኒቱን ደግሞ ቀስ ብለሽ ትውጫለሽ። ማን ያውቃል? ሰውየው ምግብ ሠሪ አሁን ነው የሚፈልገው፤ ሳምንት እስኪቆጠር አይጠብቅሽም።»

«ጠይብ» አልኩት። እሺ ማለቴ ነው። ካራንቲና መግቢያ ላይ እስኪያወርደኝ ድረስ በልቤ የማን ይሻላል እያልኩ ነበር። እቴ ሉባባን እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ? ፋጡማን? በዚያ መንገድ ላይ ስለ ከድጃ ያሰብኩት ትንሽ ነው። ስለ ራሴ ነበር የማስበው።

ስደርስ ዐስር ተሰግዷል። ከድጃ ከጠዋቱ ብሶባት ጠበቀችኝ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ፋጡማ በሩ ላይ ተቀብላ በሹክሹክታ «ከቀትር ጀምሮ ካባቷ ጋር ታወራለች» አለችኝ። የከድጃ አባት ከሞተ ቆይቷል።

እቴ ሉባባ አጠገቧ ተቀምጠው የሙስብሓቸውን ጨሌ ይቆጥራሉ። «ካርዱን ሰጡሽ?» አሉኝ።

«ነገ ብለውኛል።»

«ኢንሻአላህ። በይ እስቲ ያንን ሾርባሽን ሥሪላት። ካንቺ እጅ በቀር የማንንም አትቀምስም።»

ወደ ምድጃው ሄድኩ። ሽንኩርቱን ላጥኩ፣ ቢላውን አነሳሁ። እጄ አልታዘዝ አለኝ። ይህን ስላችሁ ማጋነን እንዳይመስላችሁ፤ ቢላው ሽንኩርቱ ላይ ቆሟል፣ እኔ ግን መጫን አቃተኝ። በመጋረጃው በኩል የከድጃ ትንፋሽ ይሰማኛል። አጠር አጠር ያለ ትንፋሽ። ስንት ጊዜ ነው ይህን ሾርባ በነዚህ ጣቶች ያበላኋት? «አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ለኔ ስትዪ» እያልኩ ነበር እኮ የማጎርሳት።

ቢላውን አስቀምጬ ገባሁ። ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ መቀመጥ ድፍረት መሰለኝ።

«እቴ ሉባባ፣ ሾርባውን ሌላ ሰው ይሥራው።»

«ምነው፣ ደከመሽ?»

«አልደከመኝም። ካርዱን የከለከሉኝ በሽታ አግኝተውብኝ ነው። ታይፎይድ አለብሽ አሉኝ። እኔን አያመኝም፣ ከእጄ ግን ወደ ምግብ ይገባል አሉኝ። ከድጃን ያሳመምኳት እኔ ነኝ መሰለኝ።»

ሙስብሓው ቆመ። ፋጡማ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«እኔንም?» አለችኝ።

«አላውቅም ፋጡማ። ሳይሆን አይቀርም።»

ተነሳች፣ ጠዋት ሠርቼ የከደንኩትን የምስር ወጥ ከነድስቱ አንስታ ወጣች። ሽንት ቤት ውስጥ ስትደፋው ሰማን። ከዚያ ውኃ ስትደፋበት፣ ደግማ ስትደፋበት። ውኃ እንደዚያ በምንቆጥብበት ቤት። እቴ ሉባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ያፈሩት ለኔ ነበር፤ እሱ ደግሞ ባሰብኝ።

ያን ጊዜ ከፍራሹ ድምፅ መጣ። የተኛች መስሎን ነበር።

«ዘይነባ፣ በሽታው መድኃኒት አለው አሉሽ?»

«አለው ከድጃ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅሳችኋል? ዓይን ነው ብላችሁ እኮ ልቅሶዬን ጨርሳችሁ ነበር።»

ይህን ብላ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። እቴ ሉባባ ወደኔ ዞሩ። «ወዴት ነው የምትወሰድ?» ብቻ አሉኝ።

ያችን ወረቀት አውጥቼ ደወልኩ። ዶክቶራ ስታነሳ ድምፄን አላወቀችውም።

«ዘይነብ ነኝ፤ የጠዋቷ። ማንም የለም ብዬሽ ነበር። አለች። የአክስቴ ልጅ ናት፣ ትኩሳቱ ከያዛት ሰነበተ፣ ዛሬ ትቃዣለች።»

«ሆዷ ተነፍቷል? ሲነካ ይጠነክራል?»

«ዶክቶራ፣ ኢቃማ የላትም።»

«ኢቃማዋን አልጠየቅኩሽም። ሆዷን ነው የጠየቅኩሽ።»

እቴ ሉባባ ሆዷን ዳሰሱ። ከድጃ አቃሰተች። ነገርኳት። «አሁኑኑ ወደ ክሊኒኩ አምጫት። እኔ በሩ ላይ እጠብቃለሁ» አለችኝ።

ዐባያ አለበስናት፣ ኒቃቧን አሰርንላት። ታክሲው ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጥላ ሰውነቷ በልብሱ አልፎ ያቃጥለኛል። ፋጡማ ከፊት ገባች። እንድትመጣ አልጠየቅኳትም፤ አኩርፋ ነው የመጣች። አንድ መብራት ላይ ቆመን የፖሊስ መኪና ከጎናችን መጥቶ ቆመ። መስታወቱ ወርዷል። ፖሊሱ ዞር ብሎ አየን። ከድጃ ደግሞ በዚያች ቅጽበት መቃዠት ጀመረች፤ ባማርኛ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አባቷን ትጠራለች። አፏን በእጄ ልይዝ ቃጣሁ፣ እጄን አየሁትና መለስኩት። ፋጡማ ዞር ብላ በዐረብኛ «አብሽሪ እናቴ፣ ደረስን» አለቻት፣ ልክ እናቷን ሐኪም ቤት እንደምትወስድ ልጅ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ፖሊሱ ወደ ቀኝ ታጠፈ። የመግሪብ አዛን ሲወጣ ነው የደረስን።

ዶክቶራ ቃሏን ጠብቃ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማንም ወረቀት ሳይጠይቅ ከድጃን አስገብተው መርፌ ተከሉላት። እኔ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ወንበር አለ፤ ግን መደገፊያውን መንካት ፈራሁ። የነካሁት ሁሉ የሚበከል መሰለኝ። ዶክቶራ ወጥታ እንደዚያ ሆኜ ስታየኝ እጄን በባዶ እጇ ያዘችው። ወንበሩ ላይ አስቀመጠችኝ።

«አንጀቷ ሊበሳ ጥቂት ነው የቀረው። ነገ ብትሉ ወይም ከነገ ወዲያ፣ ሌላ ነገር እናወራ ነበር። አሁን ትድናለች፣ በአላህ ፈቃድ።»

«ጠዋት ዋሽቼሽ ነበር» አልኳት።

«አውቄዋለሁ» አለች። «ስለዚህ ነው ቁጥሩን የሰጠሁሽ።»

ብትቆጣኝ ምንኛ በቀለለኝ።

ከድጃ ለቀናት ክሊኒኩ እየተመላለሰች መድኃኒቱን ጨረሰች፣ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሥጋ መልሳ አበቀለች። የኔ ነገር ግን እዚያ አላበቃም። በማግስቱ ለአቡ ረያን የሰው ምርመራ አልሰጥም አልኩት። «እንደፈለግሽ» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ለማዳም መደወል ነበረብኝ። ዓመታት ያበላኋቸው ልጆች አሏት። ስነግራት «ልጆቼስ?» አለች። አስመረመረቻቸው፤ አልሐምዱሊላህ፣ አንዳቸውም ላይ አልተገኘም። እሷ ግን መልሳ አልደወለችልኝም። ሹፌሯ ካራንቲና ድረስ መጥቶ ላስቲክ ሰጠኝ። ውስጡ የምበላበት ሳሕን፣ የሻይ ኩባያዬ፣ ማንኪያዬ ነበሩ። የኔ ብላ ለይታ ያስቀመጠችልኝ ነበሩ፤ አሁን ለይታ አስወጣቻቸው። እናት ናት፣ አልፈርድባትም። ግን ያንን ላስቲክ የተቀበልኩበትን ደቂቃ ማንም እንዲያየው አልፈልግም ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ አየው።

መድኃኒቴን ጨረስኩ። ምርመራው ተደጋገመ። በመጨረሻ ዶክቶራ ካርዱን በእጇ ሰጠችኝ። የመካው አለቃዬ በዚያ መሀል ሌላ ሰው ቀጥሮ ነበር፤ ቢሆንም ወጥ ቤቱ ሰፍቶ ሰው ሲያስፈልገው አስጠራኝ። የጀመርኩት ዋና ሆኜ ሳይሆን ሩዝ አጣቢ ሆኜ ነው። ዛሬም መንሱር እዚያው ነኝ።

ካራንቲና ከመልቀቄ በፊት፣ ካርዱን ካገኘሁ በኋላ፣ አንድ ጁምዓ እቴ ሉባባን አስፈቅጄ ምሳ ሠራሁ። ከድጃ ጠግባ በላች። እቴ ሉባባ በስሚላህ ብለው ቀመሱ። ፋጡማ «ሥራ ቦታ በልቻለሁ» አለች። ያን ቀን ሥራ እንዳልነበራት ሁላችንም እናውቃለን። ወጡን ስትደፋም፣ ሳትበላ ስትቀርም ፋጡማ ልክ ነበረች እላለሁ፤ ልክ መሆኗ ግን ለኔ ማቃለያ አልሆነኝም።

እህቶቼ፣ በዚህ አገር ወጥ ቤት የምትሠሩ ሁሉ፣ ስለ ካርዱ «ወረቀት ነው፣ ይገዛል፣ ይቀየራል» ሲሏችሁ እኔን አስቡኝ። በዚያ ዕቃ የሌላ ሰው ይዤ ብሄድ ኖሮ ካርዱ ይወጣልኝ ነበር፤ ሾርባውንም እሠራ ነበር። ቤታችሁ ትኩሳት የማይለቃት ካለች ደግሞ ዓይን ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ቁርኣኑንም ቅሩባት፣ ሐኪምም ፈልጉላት። ሁሉም በር ላይ ዶክቶራ ሐናን አትቆምም፣ ያንን አውቃለሁ። ቢሆንም ፈልጉ። እፍረት ሰው እንደማይገድል አይቻለሁ፤ እኔ ይኸው አለሁ። ዝምታዬ ግን ከድጃን ሊገድላት ነበር።

ከድጃ ከዳነች በኋላ አልቆየችም። «ታምሜ የሐኪም ቤት በር የምፈራበት አገር ይበቃኛል» ብላ ራሷ ሹመይሲ ሄዳ እጇን ሰጠች፤ ከዚያ በአውሮፕላን አሳፍረው ወደ አገሯ ላኳት።

ሐርቡ እንደገባች እናቴ ደወለችልኝ። ከድጃ ለዚያራ ቤታችን መጥታ ውላለች። እናቴ ደስታዋ በስልክ ያስታውቃል።

«ሞቼ ነበር አለችን። ዘይነባ ናት ያተረፈችኝ፣ ፖሊስ ሳትፈራ ተሸክማ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ አለችን። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እንዲህ ያለች ልጅ በመውለዴ አላህን አመሰገንኩት።»

ስልኩን እንደያዝኩ ወጥ ቤቱ ጀርባ ቁጭ አልኩ። የማይገባኝን ምስጋና እናቴ ቤት ለቤት ይዛው ልትዞር ነው። ዝም ልል ነበር። እንደገና ዝም ልል ነበር።

«እማ፣ ከድጃን ያሳመምኳት እኔው ነኝ። በሽታው ከእጄ ነው የያዛት።»



«እሱንም ነግራናለች» አለችኝ። «መጀመሪያ የነገረችን እሱን ነው።»